አምስት ክፍት፣ አሥር ዝግ

ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቴን ጥፍር እቆርጣለሁ። ግራው ቀላል ነው፤ ዘርግቶ ይሰጠኛል፣ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ቀኙ ግን ሥራ ነው። ጣቶቹ መዳፉ ላይ ተጨብጠው ቀርተዋል። መጀመሪያ አውራ ጣቱን፣ ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ አላቅቄ መሀል ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ አስገባለሁ። ሳምንት ካለፈው ጥፍሩ መዳፉን ይወጋዋል፤ እጁ ስለማይሰማው እሱም አይናገርም። አንድ ጊዜ ያወቅነው ጨርቁ ላይ ደም አይተን ነው።

ይህን ሳደርግ ስለማዝንለት ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱን ለመናገር ዕቃ እንደሚያጥብ ሰው ነው የምሠራው። ሠርቼ እጨርሳለሁ፣ መቁረጫውን ወደ ካርቶኑ እመልሳለሁ። ካርቶኑ ውስጥ አንድ አሮጌ ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ አለ። ከሞተ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ማናችንም አንጥለውም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

አባቴ ተሰማ የኮምባይነር ኦፕሬተር ነበር። ሮቤ ላደግን ልጆች ይህ ከአውሮፕላን አብራሪ የሚያንስ ሥራ አልነበረም። ኅዳር ሲገባ ከጎሮ እስከ ገሰራ ያለው ስንዴ ሁሉ እሱን ቆሞ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጭኑ ላይ አስቀምጦኝ እጄን ማጨጃውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ማንሻ ላይ አኖረ፤ የእሱን ቀኝ እጅ ደግሞ ከእኔ እጅ በላይ። እጁ ግሪስ ይሸታል፣ ይሞቃል፣ ከባድ ነው። ያን ያህል ትልቅ ማሽን ያነሣሁት እኔ እንደሆንኩ ለሀይሚ ስነግራት አላመነችኝም። ሀይሚ ጎረቤቴም የክፍል ጓደኛዬም ነበረች፤ ምንም አታምንም።

በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ፣ ገሰራ መስመር ላይ እያጨደ ሳለ መሪው ላይ ተደፋ። ኮምባይነሩ የሚመራው አጥቶ ማሳውን በጠማማ መስመር እያጨደ የሰው ገብስ ውስጥ ገባ፤ ረዳቱ ዘሎ ወጥቶ ነው ያጠፋው። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ ስለዚያ ጠማማ መስመር ያወራል። ትልልቆቹ "ስትሮክ ነው"፣ "ኧረ ምች ነው" ይባባላሉ፤ እናቴን ሠርከአዲስን "አይዞሽ፣ ሳይደግስ አይጣላም" ይሏታል። እኔ የገባኝ አባቴ ሥራ ላይ እንቅልፍ እንደወሰደው ነው። ሰው ቤታችን ገብቶ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ለእሱ አፍሮ መስሎኝ ነበር። እኔም አፈርኩለት።

እግሩ ተመለሰለት፤ ትንሽ ያነክሳል። ንግግሩም ተመለሰ፤ ግን ቁጥብ ሆነ። ክንዱ ከትከሻው እስከ ክርኑ መታዘዝ ጀመረ። መዳፉ ብቻ እንደተጨበጠ ቀረ። የኮምባይነሩ ባለቤት ኦቦ ገዳ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና፣ "ተሰማ፣ ወንበርህን እስከ ኅዳር ለማንም አልሰጥም። ማንሻውን መያዝ ከቻልክ ያንተ ነው" አለው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ኅዳር የሚባል ነገር በየቀኑ ይነሣ ነበር።

በሳምንት ሁለት ቀን በሚኒባስ ጎባ ይሄዳሉ። ትምህርት በሌለኝ ቀን እኔንም ይወስዱኛል። ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ቀዝቃዛ ክፍል አለ፤ ትልልቅ ኳሶች፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአጥንት ሥዕል፣ የአልኮል ሽታ። እዚያ ሂካ የሚባል ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ይሠራል። ነጩ ጋዋኑ ሁልጊዜ ይጠበዋል።

"ኦቦ ተሰማ፣ አካም ቡልተኒ?" ይለዋል።

"ፈያ፣ ፈያ። ደህና ነኝ" ይላል አባቴ።

የመጀመሪያው ቀን ሂካ አባቴን ዓይኑን አስጨፈነው። "በጥጥ ስነካዎት 'አሁን' ይበሉ፣ እሺ?" ጥጡ የግራ ክንዱን ነካው። "አሁን" አለ አባቴ። እንደገና ነካው። "አሁን።" ከዚያ ጥጡ ወደ ቀኙ ዞረ። ክንዱን፣ የእጁን ጀርባ፣ ጣቶቹን ነካ። አባቴ ዝም አለ። ሂካ እስክሪብቶ አውጥቶ በጫፉ የጣቱን ሥር ጫን አደረገው። አሁንም ዝም። ኮምባይነሩ ላይ እንደተኛው እዚህም ተኛ ብዬ ሳቅሁ። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የተቆነጠጥኩት ቦታ እስከ ሮቤ ድረስ አመመኝ።

ሚያዝያ ላይ ሂካ ከመሳቢያው የኪስ ሬዲዮ የምታክል ግራጫ ማሽን አወጣ። ሁለት ቀጫጭን ሽቦና አራት ተለጣፊ አላት። ተለጣፊዎቹን የአባቴ ክንድ ጀርባ ላይ ለጥፎ አንድ ቁልፍ አዞረ። ቀይ መብራት በራች። አራት ወር ሙሉ ተጨብጦ የኖረው እጅ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አውራ ጣቱ ቀደመ፣ ሌሎቹ ተከተሉ። መዳፉ ነጭና እርጥብ ነበር። እናቴ "በስመ አብ!" ብላ አማተበች። አባቴ ግን እጁን የሰው ዕቃ እንደሚያይ ዓይነት ነው ያየው።

"ኤሌክትሪኩ ጡንቻውን ነው የሚቀሰቅሰው" አለ ሂካ። "አምስት ሰከንድ ይሰጣል፣ አሥር ሰከንድ ያርፋል። ሲሰጥ እርስዎም አብረው ለመክፈት ይታገሉ። ማሽኑ ብቻውን ከከፈተው እጅዎ ምንም አይማርም። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት፤ ከዚያ በላይ የለም። ቁጥሩን ከአራት እንዳያሳልፉት። እጅዎ ስለማይሰማው ቆዳዎ ቢቃጠል አያውቁትም።" ማሽኗን ወደ ቤት እንድንወስዳት ራሱ ፈረመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ አንቺም ሥራ አለሽ። መብራቷ ስትበራ 'ባኒ' በዪው። ስትጠፋ 'ጩፊ'።"

ባኒ ክፈት፣ ጩፊ ዝጋ ማለት ነው፤ ሮቤ ያደገ ልጅ ይህን ማንም አያስተረጉምለትም።

እንዲህ ሆኖ ሥራ ያዝኩ። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት፣ ከሰዓት ከትምህርት ቤት በኋላ፣ አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጅጌውን ይሰበስባል። ባትሪውን በምላሴ የምፈትነው እኔ ነኝ፤ ምላሴን ከቆነጠጠኝ ገና አልሞተም። እናቴ ተለጣፊዎቹን ትለጥፋለች። "ባኒ!" እላለሁ፤ ይከፈታል። እስከ አምስት እቆጥራለሁ። "ጩፊ!" ይዘጋል። እስከ አሥር እቆጥራለሁ። አባቴ አብሮ ሲታገል ግንባሩ ያልበዋል። በቀን ሁለት መቶ አርባ ጊዜ አባቴን የማዘው እኔ ነበርኩ፣ እሱም ይታዘዘኛል። መብራቷን ከቁብ አልቆጠርኳትም። የሚከፍተው የእኔ ድምፅ ነበር።

ችግሩ ከቤት ስንወጣ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በቀኙ በኩል እሆንና እጄን ወደ ጭብጡ አስጠግቼ ቀስ ብዬ "ባኒ" እላለሁ። አይከፈትም። ገበያ መሀል "ባኒ" እላለሁ፤ አይከፈትም። አባቴ ወደ ታች ያየኝና ፊቱን ያዞራል። የልጅ ጭንቅላቴ አውጥቶ አውርዶ አንድ ነገር ላይ ደረሰ። እጁ እንደሚሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ይችላል። እኔን መያዝ ነው ያልፈለገው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ፤ የእኔ ግን ለብዙ ዓመት በቃኝ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ መብራቷ ጠፍታ ሳለ የአባቴ ሌባ ጣት በራሱ ተነሣ። የስንዴ ፍሬ ያህል ቢነሣ ነው። እናቴ እልል አለች። አባቴ አላመነም፤ እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ተነሣ። በማግስቱ ጎባ ሄዱና ሂካ ካርዱ ላይ "በራሱ" ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት። አባቴ ሲመለስ ኦቦ ገዳን በስልክ አገኘው፤ "ኅዳር ላይ እደርሳለሁ" ሲለው ሰማሁ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እኔ ግን አልተደነቅሁም። እኔ የፈለግሁት ሙሉ እጅ ነው፤ አንድ ጣት ምን ያደርግልኛል?

የምፈልግበትም ቀን ነበረኝ። ሰኔ 30 ካርድ የሚሰጥ ቀን ነው። በትምህርት ቤታችን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣ ልጅ ከወላጁ ጋር መድረክ ላይ ይጠራል፣ ወላጁ ዳይሬክተሩን ይጨብጣል፣ ሽልማት ይቀበላል። ያን ዓመት ሦስተኛ እንደምወጣ መምህሯ ሹክ ብላኛለች።

"አባትሽ በምን እጁ ሊጨብጥ?" አለችኝ ሀይሚ። "እናቴ እጁ ሞቷል ብላለች።"

"አልሞተም! እኔ ባኒ ስለው ይከፍታል።"

"እሺ፣ ሰኔ 30 እናያለን።"

ቤት ገብቼ አባቴ ፊት ቆምኩ። "ሰኔ 30 ትመጣለህ?"

"እመጣለሁ።"

"እጅህን ትከፍታለህ?"

ጭብጡን በግራ እጁ ሸፈነው።

"ካልከፈትክ አትምጣ። እማዬ ትምጣ።"

"ልደት!" አለች እናቴ ከጓዳ።

"ተያት" አለ አባቴ። "እውነቷን ነው።"

ሰኔ 29 ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ የአባቴን ካፖርት ገልብጣ በር ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። አባቴ አጠገቧ ነው፤ በግራ እጁ ጣት ከዚህ እስከዚህ ብሎ ያሳያታል። ምን ሆኖ ነው ስላት "ገበሩ ተተርትሮ ነው፣ ሂጂ ተጫወቺ" አለችኝ። ያን ቀን ከሰዓት ባኒና ጩፊ አልነበረም። ማሽኗ ታርፍ አሉኝ።

በማግስቱ ያካፋል። የሮቤ የሰኔ ብርድ ስለሆነ ካፖርት ያልለበሰ ወላጅ አልነበረም። ሜዳው ላይ ሸራ ተወጥሯል፣ ማይክሮፎኑ ይጮኻል፣ ጄኔሬተሩ ከሱ በላይ ይጮኻል። ዳይሬክተሩ ጋሽ ፍስሐ ወረቀታቸውን ከዝናብ እየከለሉ "ሦስተኛ፣ ልደት ተሰማ! ከወላጅዋ ጋር!" አሉ።

አባቴ ተነሣ። ካፖርቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። በእኛ አገር ሰው ከትልቅ ሰው ሲቀበል ቀኙን ዘርግቶ በግራው ክርኑን ደገፍ ያደርጋል። እጁን ኪሱ ከትቶ ዳይሬክተር ፊት የሚቆም የለም። የሀይሚ እናት "ወይ ትዕቢት፣ በሽታም አላበረደው" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። እኔ ግን ኮራሁ። የከተማ ሰው መሰለኝ።

ጋሽ ፍስሐ እጃቸውን ሰደዱ። አባቴ ቀኙን ከክርኑ አነሣ፤ ጭብጡ እንዳለ ነው። ጋሽ ፍስሐ እጃቸውን ሊመልሱ ሲሉ ወደ አባቴ ተጠግቼ "ባኒ" አልኩ።

ተከፈተ።

ጋሽ ፍስሐ እጃቸውን አስገቡ፤ የአባቴ ጣቶች ተዘጉባቸው። ሊለቁ ሞከሩ፤ አልለቀቃቸውም። እንደገና ሞከሩ፤ አልለቀቃቸውም። "ኧረ ያዘኝ እኮ!" አሉ በማይክሮፎኑ። ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ። "አቶ ተሰማ፣ እርስዎ እኮ ኮምባይነሩን ሊሰብሩት ነው!" ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ እጁ ተከፍቶ ለቀቃቸው። ሽልማቴን፣ አንድ ደርዘን ደብተር፣ እኔ ተቀበልኩ። ሀይሚን ፈልጌ አየኋት። አፏን ከፍታ ቀርታለች።

ቤታችን ሩቅ ነው፤ በእሱ እርምጃ ግማሽ ሰዓት አልፎ ይወስዳል። እናቴ ደብተሮቹን ይዛ ከኋላችን ናት። በቀኙ በኩል ሆኜ እጄን ሳስጠጋ ምንም ሳልል ተከፈተልኝ። እጄን አስገባሁ፤ ያዘኝ። ትንሽ ሄደን ለቀቀኝ። ከዚያ እንደገና ያዘኝ። ጨዋታ ነው ብዬ ሳቅሁ። አምስት እርምጃ ይከፍታል፣ አሥር እርምጃ ይይዛል። ሲከፍት እጄን አወጣና መልሼ አስገባለሁ። ጋሪዎች ጭቃውን እየረጩ ያልፋሉ፣ ሰዎች ሰላም ይሉናል፤ አባቴ ለማንም ቀና አላለም። መንገዱን ሙሉ ወደ ታች፣ ወደ እጆቻችን ነው የሚያየው። ጭቃውን ፈርቶ መስሎኝ ነበር። አምስትና አሥር የቆጠርኩት ራሴ ነኝ፤ ለሁለት ወር በየቀኑ የቆጠርኩት ቁጥር መሆኑ ግን አንዴ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ቤት እንደገባን እናቴ ጓዳ አስገብታው በሩን ዘጋች። ልቅሶዋን ሰማሁ።

"አሥር ላይ? አሥር ላይ አደረግኸው?"

"አራት ላይ እንቢ አለኝ" አለ አባቴ።

የበዓሉ ፕሮግራም አራት ሰዓት ላይ ነበር የተጀመረው። ስለ ሰዓት የሚጨቃጨቁ መሰለኝና ደብተሮቼን መቁጠር ቀጠልኩ።

በነጋታው ጎባ ሄድን። ሂካ ሰላም አላለም። የአባቴን እጅጌ ሰብስቦ ክንዱን አየ፤ ቀልተው ውኃ የቋጠሩ ሁለት ቦታዎች ነበሩ፣ አንዱ ተልጦ ነበር። በኦሮምኛ ፈጠን ፈጠን እያለ ብዙ ተናገረ። አባቴ እንደ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ሰማው። ከዚያ ሂካ ማሽኗን መሳቢያው ውስጥ ከተተ። የተናደደው አባቴ ያለ እሱ ስለዳነ ነው ብዬ አሰብኩ። ይውሰዳት፣ ምን ያደርግልናል፣ እጁ ድኗል አልኩ በልቤ። ባትሪውን ግን ለመጨረሻ ጊዜ ልፈትነው ብዬ አውጥቼው ስለነበር ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ቁስሉ ለመዳን ሰባት ሳምንት ፈጀ፤ ያለው ደግሞ በትክክል ተለጣፊው የሚለጠፍበት ቦታ ላይ ነው። በመሀሉ ማሽኗ ተራ ለሚጠብቅ ለሌላ ሕመምተኛ ተሰጠች። ነሐሴ ላይ ሌባ ጣቱም መነሣት አቆመ። ኅዳር ሲገባ ኦቦ ገዳ መጣ፣ ሻይ ጠጣ፣ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ወንበሩ ምንም ሳይል ብዙ ቆየና ሄደ። በዚያ ሳምንት ኮምባይነሩ ሌላ ሰው ይዞ በሰፈራችን አለፈ። አባቴ ድምፁን ሰምቶ "የሞተሩ ቺንጊያ ላልቷል" አለ። አሁንም ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ጋራዥ በር ላይ ይቀመጣል፤ ሞተር አስነሥተው ያሰሙታል፣ እሱ በሽታውን ይነግራቸዋል።

ከዚያ በኋላ እጁ ለእኔ ተከፍቶ አያውቅም። እኔም ይቅር አላልኩትም። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ በማላስታውሰው ነገር ተጣላንና፣ "አንዴ ይዘኸኝ ነበር። ስትፈልግ ትችላለህ" አልኩት።

"እውነትሽን ነው" አለኝ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ያን ካፖርት ለአጎቴ ልጅ እንድሰጥ አወጣችው። የግራ ኪሱ ውስጥ የቀረ ነገር እንዳለ ልፈትሽ እጄን ስከት አልፎ ሄደ። ኪሱ ተቀድዷል፤ በምላጭ፣ ቀጥ ብሎ። ካፖርቱን ገለበጥኩት። ከኪሱ ተነሥቶ በጀርባው በኩል እስከ ቀኝ እጅጌው የሚሄድ ቀጭን መተላለፊያ በገበሩ ውስጥ ተሰፍቷል፤ የእናቴን ጥቃቅን ስፌት አውቀዋለሁ። ሽቦ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ገበሩ አልተተረተረም ነበር።

አለቀስኩ ብል ውሸት ነው። አልጋው ላይ ተቀምጬ አምስትና አሥር ቆጠርኩ፤ ስንት ጊዜ እንደቆጠርኩ አላውቅም። ከዚያ ካፖርቱን አጥፌ ቁምሳጥን ውስጥ መለስኩት። ለእናቴ ለአጎቴ ልጅ ሌላ ልብስ እንገዛለታለን አልኳት። አየችኝና ለምን አላለችም።

ሂካን ባለፈው ዓመት ሚኒባስ ውስጥ አገኘሁት። ሸብቷል፤ የእኔን ስም አልረሳም። ያ ቀን ባይኖር ኖሮ እጁ ይድን ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

"አላውቅም፣ ልደት" አለ። "የተነሣች ጣት ነበረች። ከዚያ ልታልፍም ላታልፍም ትችላለች። ያን ቀን እኔም ጮኼበታለሁ። 'ኦቦ ተሰማ፣ ኅዳርን በምን ለወጧት?' ስለው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ልጄ ቀጥራኝ ነበር' አለኝ።"

ጎባ ስንደርስ ወረደ። እኔም ወርጄ ጉዳዬን ፈጸምኩ፤ ምን ጉዳይ እንደነበር ግን ጠፍቶኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ጥፍሩን እየቆረጥኩ ሳለ ክንዱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ጠባሳዎች አየሁ። ሁልጊዜ አያቸዋለሁ። ያን ቀን ግን አፌ ቀደመኝ።

"አባዬ፣ ያኔ ሲያቃጥልህ አላመመህም?"

ስለ የትኛው ቀን እንደምጠይቀው አልጠየቀኝም። "አይሰማኝም ነበር እኮ" አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ "ያንቺም እጅ አልተሰማኝም" አለ። "ይሙቅ ይቀዝቅዝ አላውቅም። ዓይኔን ካነሣሁ የለቀቅኩሽ ስለሚመስለኝ እያየሁ ነው የሄድኩት።"

መቁረጫውን አስቀመጥኩ። የተጠቀለለውን ጨርቅ ከመዳፉ አወጣሁና በምትኩ እጄን አስገባሁ። ጣቶቹ እንደ ልማዳቸው ተዘጉ። እሱ በመስኮቱ በኩል የሚያልፍ መኪና ድምፅ እየሰማ ነበር።

"አሁንስ?" አልኩት።

መጀመሪያ ወደ ታች አየ።

"አሁን" አለ።